ከመርቆሬዎስ እስከ መርቆሬዎስ

ለንደን ውስጥ፣ ፊንስበሪ ፓርክ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ መኩሪያ የሚባል ሰው የከፈታት ጠባብ ሻይ ቤት ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከጓዳው በር አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ ከረባት የማይለየው ሰው ይቀመጣል። ሰዎች ፖስታቸውን ይዘው ተራ ይጠብቁታል። ፖስታዎቹ አብዛኛውን ጊዜ አልተከፈቱም። ከማዘጋጃ ቤቱ ካውንስል፣ ከስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ከሆስፒታል የሚመጣ መስኮት ያለው ፖስታ ብዙዎቹን ከመትረየስ ይልቅ ያስፈራቸው ነበር፤ ከመካከላቸው ደግሞ መትረየስን በደንብ የሚያውቁ አሉ። ሰውዬው ፖስታውን በቅቤ ቢላ ይሰነጥቅና ከማንበቡ በፊት ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቃል።

«መቼ ደረሰህ?»

«እኔ እንጃ ጋሼ፤ ያለፈው ሳምንት መሰለኝ።»

«‹መሰለኝ› የሚባል ቀን የለም። በዚህ አገር መጀመሪያ የሚነበበው ቀኑ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።»

ኃይለልዑል ይባላል። በመጨረሻ ግን ቀን ያለፈበት እሱው ራሱ ነው።

ለንደን የገባው በ1963 ዓመተ ምሕረት ነው፤ ኢኮኖሚክስ ተምሮ ሊመለስ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ወንበሩን ይዞ ሊጠብቀው። የመጀመሪያ ዲግሪውን ያዘ። ሁለተኛውን እንደ ጀመረ አብዮቱ ፈነዳ፤ የትምህርት አበሉ ቆመ፤ ወንበሩም ወንበሩን የሚጠብቀውም ሰው ጠፋ። ከዚያ በኋላ ሆቴል ቤት ሳህን አጠበ፤ የሕንፃ ዘበኛ ሆኖ ሠራ፤ በመጨረሻ ፓርክ ሮያል ከሚገኝ የሰላጣ መረቅና የቲማቲም ድልህ በጠርሙስ ከሚያሽግ ፋብሪካ በጫኝነት ገባ። ሣጥን ከመሸከም ሣጥን ወደ መቁጠር፣ ከመቁጠር ወደ ማዘዝ እያለ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ የመጋዘን ኃላፊ ሆነ። የተማረ ሰው ነውና መጋዘኑን እንደ መጽሐፍ ቤት አድርጎ አደራጀው፤ ሠራተኞቹም «ፕሮፌሰር» ይሉት ጀመር። ሲሉት ይቀልዱ እንደ ነበር ያውቃል። ደስ ይለው እንደ ነበረ ግን ለማንም አልተናገረም።

ኃላፊነቱ ሦስት ነገር አመጣለት፤ በመስታወት የታጠረች ቢሮ፣ ከረባት፣ እና ለእሱና ለሚስቱ የሚሆን የጤና ኢንሹራንስ። በእንግሊዝ አገር ሕክምና በነጻ መሆኑን የማያውቅ የለም። ነጻው ግን ወረፋ አለው፤ ወረፋውም በቀን ሳይሆን በወርና በዓመት ነው የሚቆጠር። ኢንሹራንስ ያለው ሰው ወረፋውን ትቶ በግል ሆስፒታል ይታከማል።

ሚስቱ ሐረገወይን በሚኖሩበት ሰፈር፣ ኪልበርን ውስጥ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ነው የምትሠራው። በሱዳን በኩል ከመጣች ጀምሮ ሥራዋ ሁሉ የቁም ሥራ ነበር፤ አምሳ ሳይሞላት ሁለቱም የዳሌዋ መገጣጠሚያዎች አለቁ። ቀኙን በ1986 ጥር ላይ በባሏ ኢንሹራንስ አሠራች። የተኛችበት ክፍል ምንጣፍ ነበረው፤ ነርሷ ጎንበስ ብላ «ለእራት ዓሣ ይሁንልዎት ዶሮ?» ብላ ጠይቃታለች። ሐረገወይን ይህን ነገር በማኅበር፣ በለቅሶ ቤት፣ በባስ ፌርማታ ሳይቀር አወራችው። የማኅበሯ አባልና የልብ ጓደኛዋ አልታየሽ አንድ ቀን አላስችል ብሏት፣

«አንቺ እቴ፣ ዳሌሽን እንኳ ቀየርሽ፤ እኛ ባል መቀየር አቅቶን ይኸው እንኖራለን!» ብላ ቤቱን በሳቅ ጣለችው።

ግራው ደግሞ ለኅዳር ተቀጠረ። ሐኪሙ «አሁን ቀኙ እየተሸከመው ነው፤ ግራውን ከዚህ ዓመት ባናሳልፈው» ብሏል። ታሪኩ ሁሉ በዚህች ግራ ዳሌ ላይ ነው የተንጠለጠለው።

በዚያው ዓመት ነሐሴ 25 ቀን ጠዋት፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 31፣ ሐረገወይን የምሳ ዕቃውን እያቀበለችው «ዛሬ መርቆሬዎስ ነው፤ ማኅበር ስላለብኝ ቀድመኸኝ ትገባለህ» አለችው። ወር በገባ በሃያ አምስት መርቆሬዎስ ነው፤ የእሷና የነአልታየሽ ማኅበር የሚወጣውም በዚያ ቀን ነው። «እሺ» ብሏት ወጣ። በአራት ሰዓት ማኔጀሩ ወደ ቢሮው ጠራውና ፋብሪካው ወደ ሰሜን ወደ ሌላ ከተማ ሊዛወር መሆኑን፣ መጋዘኑ ከዛሬ ጀምሮ እንደሚዘጋ፣ እሱም ከሃያ ሦስት ሰዎች ጋር «ሪደንዳንት»፣ ማለትም ሥራው ስለ ታጠፈ ተሰናባች፣ መሆኑን ነገረው። ማኔጀሩ በዕድሜ ልጁ ይሆናል። ጥሩ ልጅ ነው፤ እንዲያውም ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። «አይዞህ፣ ይገባኛል» ብሎ ያጽናና የነበረው ኃይለልዑል ራሱ ነው።

ከሰጡት ወረቀት መካከል የኢንሹራንሱ ደብዳቤ ነበረበት። ባሱ ፎቅ ላይ ተቀምጦ አንዴ አነበበው። እንዲህ ይል ነበር፤ ሥራ በለቀቁ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይህን ፎርም ሞልተው ከላኩ፣ እስከ ዛሬ የነበረዎት ዋስትና አንዳች የጤና ጥያቄ ሳይቀርብልዎ በራስዎ ስም ይቀጥላል። ሠላሳው ቀን ካለፈ ግን እንደ አዲስ አመልካች ይታያሉ፤ ከዚህ በፊት የታመሙበትን ሕመም አዲሱ ዋስትና አይሸፍነውም። ከፎርሙ ግርጌ ሁለት የፊርማ መስመር አለ፤ አንዱ የእሱ፣ አንዱ የሚስቱ። ወርኃዊውን ክፍያ ከሥራ ስንብቱ ገንዘብ ላይ መክፈል አያቅተውም። የሚያቅተው ሁለተኛው መስመር ነው። እሷ እንድትፈርም ሥራ መፍታቱን መንገር አለበት።

ደብዳቤውን አጥፎ ከኮቱ የውስጥ ኪስ ከተተው። «አንድ ወር አለኝ» አለ በልቡ። «እስከሚቀጥለው መርቆሬዎስ እነግራታለሁ።» ደብዳቤውን ዳግመኛ አውጥቶ አላየውም። የሰው ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ሳያነብ የማይመልሰው ሰው፣ የራሱን አንድ ጊዜ አንብቦ በደረቱ ላይ ተሸክሞት ዞረ።

ያን ዕለት ሐረገወይን ከማኅበር ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነበር። ጫማዋን እያወለቀች የኅዳሩን ቀጠሮ ለሴቶቹ እንዴት እንደነገረቻቸው አወራችው። «ሁሉም አንተን መረቁህ» አለችው። አፉን ከፈተ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና «አሜን» አለ።

በቋንቋችን ይሉኝታ የምንለው ነገር አለ። ስሙ ራሱ «እንዲህ ይሉኛል» ከማለት የወጣ ነው፤ ሌላ ሰው ገና ያላለውን ሰምቶ መሸማቀቅ። ኃይለልዑል መጀመሪያ የያዘው ይሄ መስሎት ነበር። «ፕሮፌሰሩን አባረሩት ይሉኛል፤ የሐረገወይን ባል ሥራ ፈታ ይሉኛል።» ግን ለብቻው ሲሆንም፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ ፊቱ ይግል ነበር። ያኔ ይሉኝታ እንዳልሆነ ገባው። የሰው አፍ የሌለበት፣ አንተው ራስህ የምትመለከትበት ኀፍረት ነው። ይሉኝታ ሰው ሲበተን ይበተናል፤ ይሄኛው አብሮህ ቤት ይገባል።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ወትሮው ከረባቱን አሰረ። ሐረገወይን የምሳ ዕቃውን ሰጠችው። ይዞ ወጣ። ኪልበርን የሚያውቀው ሰው ስለሚበዛ በባቡር ከከተማው ማዶ ፊንስበሪ ፓርክ ሄደ፤ እዚያ ቅዳሜ እንጂ በሥራ ቀን ማንም አይጠብቀውም። ጠዋት ጠዋት ቤተ መጻሕፍት ጋዜጣ ያነባል፤ በስድስት ሰዓት መናፈሻው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ምሳውን ይበላል። ሚስቱ በታመመ ዳሌዋ ቆማ የቋጠረችለት ምሳ ነው። አንዳንድ ቀን አይወርድለትም፤ መልሶ እንዳይወስደው ግን ትጠይቀዋለች፤ ስለዚህ ይበላዋል።

በሁለተኛው ሳምንት መጀመሪያ አንድ ቀን እንዲህ እንደ ተቀመጠ ከኋላው የመኪና ጡሩምባ ተነፋ። ዞር ሲል ከማለዲን ነው። ከማለዲን የሚኒካብ፣ በስልክ የሚጠራ ታክሲ፣ ሹፌር ነው፤ የቅዳሜው ሻይ ቤት ደንበኛ፣ አፉ የማያርፍ፣ ልቡ ግን ደህና ሰው። መኪናውን አቁሞ መጣና ቆሞ ተመለከተው፤ ከረባቱን፣ የምሳ ዕቃውን፣ አጠገቡ የተኮለኮሉትን ርግቦች።

«ጋሼ! ምነው፣ ቢሮ ወደዚህ አዛወሩ እንዴ?»

«ሊቭ ላይ ነኝ፤ ፈቃድ ወጥቼ።»

«በከረባት?»

ኃይለልዑል የምሳ ዕቃውን ክዳን ገጠመ።

«ያለፈው ዓርብም አይቼዎት ነበር፤ ሰው ይዤ ነው ያላቆምኩት። ያን ቀንም ሊቭ ላይ ነበሩ? አሁንስ ለንግሥቲቱም ይህን ያህል ሊቭ አይሰጧት!» አለና ሳቀ። ሳቁ ግን አልዘለቀም። አጠገቡ ተቀመጠ። «ዘግተዋል አይደል? የፓርክ ሮያሉን ነገር ከአንድ ደንበኛዬ ሰምቻለሁ።»

«ሐረገወይን አልሰማችም።»

«ወላሂ?»

«እነግራታለሁ።»

«ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣» አለ ከማለዲን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ ሱዳን ስድስት ወር እስር ቤት ተቀምጬ ለረሒማ ‹ሥራ አግኝቻለሁ› እያልኩ እጽፍላት ነበር። ስወጣ ምን አለችኝ መሰለዎት? ‹መታሰርህን በሁለተኛው ሳምንት ነው የሰማሁ፤ ደብዳቤህን የማነበው እስከ መቼ እንደምትዋሽ ለማየት ነበር።› እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች። እርስዎ ግን እንዲያ ቆይተው አይሳቅብዎት።»

«እሷ አታውቅም።»

«እንግዲያው ይፍጠኑ።»

ከማለዲን ሄደ። ኃይለልዑል ስለ ኢንሹራንሱ አልነገረውም። ያን ቢነግረው ኖሮ ከማለዲን ክንዱን ይዞ፣ መኪና ውስጥ ጎትቶ፣ ኪልበርን በር ላይ ያወርደው ነበር። ስለሚያውቅ ነው ያልነገረው።

እንደዚያ ባለ አንድ ቀን፣ ጋዜጣ ጠርዝ ላይ፣ ሳያስበው የሚስቱን ፊርማ ሲጽፍ ራሱን አገኘው። ሐረገወይን በእንግሊዝኛ አትፈርምም፤ ትልቅ «ሐ» ትጽፍና ከሥሯ ረጅም ጭራ ትጎትታለች። አንድ ጻፈ። ሁለት። አምስተኛው ላይ ቁርጥ የእሷን መሰለ። እጁ ቆመ። «እዚህም ደረስኩ?» አለ። ጋዜጣው የቤተ መጻሕፍቱ መሆኑን እንኳ ረስቶ ያን ጠርዝ ቀደደውና አኝኮ ሊውጠው ምንም አልቀረውም፤ ከቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ዓይን ጋር ሲጋጭ ነው ከኪሱ የከተተው።

ነሐሴ አለቀ። ጳጉሜን ገባች። በሦስተኛው ቀን፣ በሩፋኤል፣ ሐረገወይን ከሥራ በፊት ጸበል ልትረጭ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ ያን ጠዋት ያካፋ ስለነበር እሱ «ለሥራዬ መንገዴ ነው» ብሎ ጃንጥላ ይዞ አደረሳት። የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ስትወጣ አራተኛው ላይ ቆመች። ሁልጊዜ እንዲህ ስትቆም አንድ ነገር የምታይ ትመስላለች፤ መስኮት፣ ርግብ፣ የጎረቤት አበባ። ያን ቀን ዓይኗን የምታሳርፍበት ነገር አላገኘችም። «ኅዳር ምን ያህል ቀረው ልዑሌ?» አለችው። «ቀርቧል» አላት። ጃንጥላውን ወደ እሷ አጋደለ።

ዘመን ተለወጠ። አንድ ቅዳሜ ቲጂ የምትባል ሆቴል የምታጸዳ ልጅ የቤት ጉዳይ ፖስታዋን ይዛ መጣች። ደብዳቤው መልስ የሚጠይቅበት ቀን አምስት ቀን አልፎታል።

«ጋሼ አይቆጡኝ፤ ፈርቼ ነው። ምን እንደሚል ሳላውቅ ብቆይ ይሻለኛል ብዬ፣ እዚያው ድሮወር ውስጥ ሊቭ አድርጌ ተውኩት።»

«ስላላየሽው የሌለ ይመስልሻል?» ብሎ ጮኸ። እንደዚያ ተቆጥቶ አያውቅም። ቲጂ አቀርቅራ ጥፍሯን ትቆረጥም ጀመር። ኃይለልዑል መነጽሩን አወለቀ፤ ጠረገው፤ መልሶ አደረገ። «ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ» አለ። የይቅርታ መጠየቂያ ደብዳቤ ጻፈላት፤ ሰኞ ራሷ ይዛው እንድትሄድ አዘዛት። ልጅቱ እጁን ልትስም ስትል እጁን ነጠቃት።

የመስቀል ዕለት ቤታቸው ሰው ነበር። አልታየሽና የማኅበሩ ሴቶች የሐረገወይንን ወንበር ትራስ በትራስ አድርገው በመካከላቸው አስቀመጧት። «በኅዳር ሆስፒታል የሚያድር ተረኛ እናውጣ» ይላሉ። አልታየሽ «እኔ የመጀመሪያው ቀን ነኝ፤ ዶሮውን እኔ ልብላላት» ትላለች። ኃይለልዑል ብርጭቆ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ያን ጊዜ ቢናገር ሁሉም ሰው ባለበት አንዴ ተቃጥሎ ይወጣለት ነበር። «መስከረም አሥራ ሰባት፤» ብሎ አሰላ፤ «እስከ ሃያ አምስት ስምንት ቀን አለኝ።» ብርጭቆውን ጠጣው።

መስከረም 24 ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ቤቱ ገባ። ሐረገወይን ከሥራ ተመልሳ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ ምስር ትለቅም ነበር።

«ምነው? አመመህ?»

«አላመመኝም።» ቆሞ ኮቱን ሳያወልቅ ፎርሙን አወጣ። ወረቀቱ ከመታሸት ብዛት እንደ ጨርቅ ለስልሶ ነበር። «ሥራ የለኝም። ነሐሴ ሃያ አምስት ቀን ነው ያሰናበቱኝ።»

ሐረገወይን የያዘቻትን ጠጠር ከምስሩ ለይታ አስቀመጠች። «ነሐሴ ሃያ አምስት?»

«አዎ።»

«ከዚያ ወዲህ የት ነው የምትውለው?»

«ፊንስበሪ ፓርክ።»

«ምሳህንስ?»

«እዚያው እበላዋለሁ። መናፈሻ ውስጥ።»

ከምስሩ ሌላ ጠጠር ለቀመች። ከዚያ «የሚያውቅ ሰው አለ?» አለች።

ሊዋሽ ይችል ነበር። «ከማለዲን» አለ።

«ከማለዲን ያውቃል!» አለችና ሳህኑን ከጭኗ ላይ አንስታ ወለሉ ላይ አኖረችው። «ሹፌሩ ያውቃል፤ ርግቡ ያውቃል፤ አብሬህ የምተኛው እኔ አላውቅም። ሥራ መፍታትህ ይሄን ያህል ነገር ነው? እኔ ስንት ጊዜ ተባርሬያለሁ! ካንተ ጋር ስተዋወቅስ ሥራ ነበረኝ? አንተ እንደሆነ ሰው የምታምን አትመስልም፤ ከረባትህን ነው የምታምነው።»

ፎርሙን አሳያት፤ ደብዳቤው ምን እንደሚል ነገራት። «ነገ ወሩ ይሞላል፤ ነገ ስልክ ደውዬ፣ በእጄ ወስጄ እሰጣለሁ።» ሐረገወይን ብዕር ጠየቀችው። «ሐ» ጻፈች፤ ጭራዋን ጎተተች። እሱ ጋዜጣው ላይ ከጻፋቸው ከአምስቱ አንዱንም አትመስልም ነበር።

በነጋታው ጠዋት በሦስት ሰዓት ለኢንሹራንሱ ደወለ። ስልኩን ያነሳችው ሴት ትሑት ነበረች። ስሙን፣ የፋብሪካውን ስም፣ ሥራ የለቀቀበትን ቀን ጠየቀችው። ወረቀት ስታገላብጥ ይሰማል።

«ይቅርታ ጌታዬ፤ ሠላሳው ቀን ያለቀው ባለፈው ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 30 ነው።»

«አይደለም፤ ዛሬ እኮ ነው ወሩ የሚሞላ።»

«ከኦገስት 31 ከሆነ ጌታዬ፣ ዛሬ ሠላሳ አምስተኛው ቀን ነው።»

ኃይለልዑል ቀና ብሎ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ አየ። የኛም የፈረንጁም ቀን ጎን ለጎን የተጻፈበት ነው። ጣቱን ከነሐሴ ሃያ አምስት ላይ አሳርፎ ይቆጥር ጀመር። ሐረገወይን ከወጥ ቤት በር ላይ ሆና ታየው ነበር። ጣቱ የነሐሴን መጨረሻ አልፎ መስከረም አንድ ላይ ሲያርፍ አየችው።

«ጳጉሜንንስ?» አለች። «ጳጉሜንን የት አደረግሃት?»

ጣቱ እዚያው ቀረ። ከልጅነቱ ጀምሮ፣ አገሩ እያለ፣ ጳጉሜን ወር ሆና አታውቅም። ደመወዝ የላትም፤ ኪራይ አይከፈልባትም፤ ዓመቱ አሥራ ሁለት ወር ነው ሲባል እሷ አፍ ላይ አትመጣም። ከመርቆሬዎስ እስከ መርቆሬዎስ አንድ ወር ነው፤ ማን ነው ሠላሳ አምስት ቀን የሚለው? ሃያ ሦስት ዓመት በፈረንጅ ቀን ሠርቶ፣ በፈረንጅ ቀን ተከፍሎት፣ የሰውን ሁሉ ቀጠሮ በፈረንጅ ቀን ሲያሰላ ኖሮ፣ የደነገጠ ዕለት ልቡ የሮጠው ወደ እናቱ ቤት አቆጣጠር ነበር። በሩፋኤል ጸበል ጃንጥላ ይዞ የቆመባትን ቀን እንኳ አልቆጠራትም።

ይህን ለስልኳ ሴት እንዴት ያስረዳታል? ሞከረ። «በአገራችን አሥራ ሦስተኛ ወር አለች፤ አምስት ቀን የሆነች…» አለ። ሴትዮዋ በትሕትና አዳመጠችው። «በጣም ደስ የሚል ነገር ነው ጌታዬ» አለች። ከዚያ ደንቡ ደንብ መሆኑን ነገረችው። ለአለቃዋ ጻፈ፤ አለቃዋም ያንኑ መለሰ። እንደ አዲስ አመልካች ሊቀበሉት ፈቃደኞች ናቸው፤ የሐረገወይን ሁለቱም ዳሌዎች ግን፣ የተሠራውም ያልተሠራውም፣ ከዋስትናው ውጭ ተብለው በስም ተጽፈው መጡ። የኅዳሩ ቀጠሮ ተሰረዘ።

ለሰው ሲያወራው በጳጉሜን ማመካኘት ይችል ነበር። የሚያስቅ ታሪክ ይወጣዋል፤ አልታየሽ አንድ ዓመት ትቀልድበት ነበር። ለብቻው ሲሆን ግን ጳጉሜን ምንም እንዳላደረገች ያውቃል። የዓመቱን እያንዳንዱን ቀን በቅዱስ ስም የምትጠራ ሴት እቤቱ ነበረች፤ በመጀመሪያው ዕለት ቢነግራት ኖሮ አንዲትም ቀን አታመልጣቸውም ነበር። ደብዳቤውን ዳግመኛ ቢያወጣው ደግሞ የሚለው «ወር» ሳይሆን «ሠላሳ ቀን» መሆኑን ያየው ነበር። ቀኑን የሰረቀው መቁጠሪያው አይደለም።

በታኅሣሥ መጨረሻ በመንግሥት ሆስፒታል የዳሌ ሐኪም ዘንድ ቀረቡ። በምርኩዝ ነበር የምትሄደው። ወደ ሐኪም ሲሄዱ ሁልጊዜ የሚያስተረጉምላት እሱ ነው፤ ያንንም ቀን ወንበሩን ወደ ጎኗ ጠጋ አድርጎ ተቀመጠ። ሐኪሙ ወጣት ነው። ወረቀቱን አገላበጠና «ቀኙን በግል ሆስፒታል ነው ያሠሩት፤ ጥሩ ሥራ ነው። ግራውን ለምን እዚያው አልጨረሱትም?» ብሎ ጠየቃት።

ኃይለልዑል ለመመለስ አፉን ሲከፍት ሐረገወይን ክንዱን ነካችው።

«ምን አለ?»

«ግራውን ለምን እዚያ አላሠራሽም ነው የሚለው።»

«ባሌ አፈረ በለው።»

«ሐረግዬ… ቀኑ አለፈብን ብለው አይሻልም?»

«የጠየቀው እኔን ነው። ባሌ አፈረ በለው።»

በሻይ ቤቱ ያን ሁሉ ዓመት ሲያነብና ሲያስተረጉም የማንንም ቃል ቀንሶ አያውቅም፤ ጨምሮም አያውቅም። ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ በእንግሊዝኛ ተናገረ። «ባሌ ሥራውን አጥቶ ነበር፤ ለእኔ ለመንገር አፈረ፤ ስለዚህ ቀኑ አለፈ ትላለች።» ባልየው እሱ መሆኑን ሐኪሙ ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ወሰደበት። ቀና ብሎ እሷን አየ፤ እሱን አየ።

«ኦ፣ ዋት ኤ ሼም» አለና ወደ ጽሑፉ ተመለሰ።

ፈረንጆቹ ይህን የሚሉት ባስ ሲያመልጥህም፣ ሰርግህ ዕለት ዝናብ ሲዘንብም ነው። ወቀሳ የለበትም፤ «ምነው፣ ያሳዝናል» እንደ ማለት ነው። ሐረገወይን ግን «ሼም» የሚለውን ቃል ያወቀችው ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ነው፤ ምግብ የሚወራወሩ ልጆችን አስተማሪዎቹ «ሼም ኦን ዩ»፣ «እፈር» እያሉ ሲገሥጹ ስትሰማ ኖራለች።

«ያሳፍራል አለ፤ አይደል?» አለችው።

ማስተካከያው ምላሱ ላይ ነበር። ሁለት ቃል ቢበቃው ነው። ሚስቱን ተመለከታት። ከመስከረም ወዲህ ፊቷ እንዲህ ዕርፍ ብሎ አላየውም፤ አንድ የማያውቃት ሰው፣ ወረቀት የያዘ ሰው፣ ነገሩን በስሙ የጠራላት መስሏታል።

«አዎ» አላት። «ያሳፍራል ነው ያለው።»

ራሷን ነቀነቀች። ሐኪሙ ወረፋው አሥራ ስድስት ወር እንደሆነ ነገራቸው፤ ኃይለልዑል ያንንም አስተረጎመ። ሐረገወይን ምርኩዟን ይዛ ተነሳች። ክንዱን ዘረጋላት፤ አልያዘችውም። በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ የተሠራውን የእንጨት መደገፊያ ይዛ ቀስ እያለች ሄደች፤ እሱም ኮቷን በክንዱ ላይ አድርጎ ሁለት እርምጃ ከኋላዋ ተከተላት።